«ፎረስት ጋምፕ» የተባለውን ፊልም ከአባቴ ጋር ላየው ነው፤ ምን ቀድሜ ላስረዳቸው?

ጥያቄ፦ ሰብለ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ባለፈው ዓመት ከጎንደር መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ዜና ሳይሰሙ አያድሩም። እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ፈጣን ንግግር ግን ያመልጣቸዋል፤ የአላባማ ሰው አነጋገር ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ይህን ፊልም አያቴ ካላዩ ብላ ይዛኛለች። ቅዳሜ ሦስታችን ልናየው ነው።

አባቴ እንዳይጠፋባቸው የትኞቹን የታሪክ ክስተቶች አስቀድሜ ልንገራቸው? ከአባትና ከልጅ ጋር ሆኖ ማየት የሚያሳፍር ቦታስ የት የት ነው? «ይህ በእርግጥ ሆኗል?» ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም፤ መልሱን አቀብሉኝ።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጀምሪ። በአባትሽ ዕድሜ ያለ የጎንደር ተማሪ የፒስ ኮር መምህራንን (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን) ያስታውሳል፤ በ1962 ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት በኬኔዲ ዘመን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጃንሆይ በጥቅምት 1963 ዋሽንግተን ላይ በኬኔዲ አቀባበል ተደርጎላቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብራቸው ተመልሰው ሄዱ። ስለዚህ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ፎረስት ኋይት ሐውስ ሲገባ አባትሽ ቤቱንም ባለቤቱንም ያውቃሉ።

ከዚያ በፊት የሚመጣው ትዕይንት ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰኔ 11 ቀን 1963 የአላባማው አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የተባሉ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ በሩ ላይ ቆመ። ኬኔዲ የግዛቲቱን ብሔራዊ ዘብ በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አድርገው በሩን አስከፈቱ። ፊልሙ ውስጥ ቪቪያን መጽሐፍ ይወድቅባታል፤ ፎረስት ሰዉን ጥሶ አንስቶ ይሰጣታል። መውደቁ ፈጠራ ነው፤ በሩና ሰዎቹ እውነት ናቸው። ቪቪያን ማሎን በ1965 ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ሆናለች። ለልጅሽም ይህን ንገሪያት፤ ፊልሙ በጥቂት ሰከንድ ነው የሚያልፈው።

ቬትናምን ለዚያ ትውልድ ማስረዳት አያስፈልግም። ፎረስት ቻይና ሄዶ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ቴኒስ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር በይበት፦ በ1971 የአሜሪካ ተጫዋቾች ቻይና መጋበዛቸው በየካቲት 1972 ለተደረገው የፕሬዚዳንት ኒክሰን ጉብኝት መንገድ ጠርጓል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አትላንታ

አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የወላጅ ጥንቃቄ ይሻል ተብሎ የተመደበ ነው፤ ለልጅሽ ይሆናል። ለአባት ፊት ግን ሪሞቱን እጅሽ ላይ አድርጊው። ገና ሲጀምር የፎረስት እናት ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት ከርእሰ መምህሩ ጋር የሚሆኑት ነገር አለ፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እሱም ይበቃል። ቀጥሎ ፎረስት ከልጅነቱ ጀምሮ በሚወዳት በጄኒ የተማሪዎች ማደሪያ ክፍል ያለው፣ ከዚያ ጄኒ ራቁቷን ጊታር ይዛ የምትዘፍንበት፣ ከዚያም ኒውዮርክ ውስጥ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሁለት ሴቶች ወደ ሌተናንት ዳን (ቬትናም ላይ የፎረስት አዛዥ የነበረው፣ እግሮቹን ያጣው) ክፍል የሚመጡበት። እነዚህ ቢዘለሉ ታሪኩ አይጎድልም።

የጄኒ አባት ልጁን መበደሉ ግን መዘለል የለበትም። በግልጽ አይታይም፤ በቆሎው ማሳ ውስጥ ተደብቃ ወፍ አድርገኝ ብላ ትጸልያለች። ልጅቷ አድጋ የምትሠራው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። ይህ ያልገባው ተመልካች ጄኒን ይፈርድባታል፤ ብዙ ሰው ሲፈርድባት ስለሰማሁ ነው አጥብቄ የምጽፈው። ልጅሽን ቀድመሽ ለብቻዋ አነጋግሪያት።

መልስ፦ የቪዲዮ አርታኢ፣ ቶሮንቶ

ኬኔዲ፣ ጆንሰን፣ ኒክሰንና ጆን ሌነን የሚታዩት በእውነተኛ የዘመኑ ፊልም ነው። ፎረስትን የሚጫወተውን ቶም ሃንክስን ለብቻው ቀርጸው በኮምፒውተር አስገቡት፤ የሰዎቹንም ከንፈር ከአዲሱ ንግግር ጋር አስማሙት። ሌተናንት ዳንን የሚጫወተው ጋሪ ሲኒዝ ሁለት እግሩ ሙሉ ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለውበት በኋላ ከምስሉ አጠፉት። የጠረጴዛ ቴኒሱ ኳስም በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ሥራው የ1994 መሆኑን ለአባትዎ ይንገሩልኝ። ካገኛቸው ስድስት ኦስካሮች አንዱ ለዚሁ የምስል ጥበብ የተሰጠ ነው።

መልስ፦ ነዋሪነቱ ቨርጂኒያ የሆነ አባል

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለአባትሽ ሁለት እውነተኛ ነገሮች እንዲነገሯቸው እፈልጋለሁ።

አንደኛው፣ ፎረስት የአእምሮ ፈተና ውጤቱ 75 ብቻ ነው። ከ1966 ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማክናማራ ቀድሞ በፈተና ይወድቁ የነበሩ ወጣቶች በዓመት መቶ ሺህ እየሆኑ ወደ ጦሩ እንዲገቡ ፈቅደው ነበር፤ በጠቅላላው ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ገቡ። ፊልሙ ፎረስትን በሽልማት ይመልሰዋል፤ ብዙዎቹ እንደ እርሱ አልተመለሱም።

ሁለተኛው ዋተርጌት ነው፤ የኒክሰን ሰዎች የተቀናቃኛቸውን የዴሞክራቶች ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡበት ሕንፃ። ፎረስት ሆቴሉ መስኮት ላይ ቆሞ ማዶ ባለው ሕንፃ ውስጥ የባትሪ ብርሃን ያያል፤ መብራት የጠፋባቸው መስሎት ለጥበቃ ይደውላል። በእውነቱ ሰኔ 17 ቀን 1972 ሌሊት ፍራንክ ዊልስ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ጥቁር ዘበኛ የበሩ መቆለፊያ ላይ ቴፕ ተለጥፎ አየ። ላጠው። ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ተለጥፏል። ፖሊስ ጠራ፤ ነገሩ ነሐሴ 1974 ኒክሰንን ከሥልጣን አወረደ። ተራ ሰው በታሪክ መካከል ሲያልፍ ማየት ከተፈለገ ዊልስ ነው ተራው ሰው፤ ፊልሙ ቦታውን ለፎረስት መስጠቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2000 በድህነት ሞተ። እባክሽ ስሙን ጥሪላቸው።

ምላሽ፦ የታሪክ መምህሩ

ትክክል ብለሃል ወንድሜ። ሰብለ፣ የዊልስን ታሪክ ፊልሙን እዚያ ላይ አቁመሽ ንገሪያቸው፤ ቀድመሽ ከነገርሻቸው ትዕይንቱን ታበላሺባቸዋለሽ።

ምላሽ፦ ሰብለ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኬኔዲንና የዩኒቨርሲቲውን በር አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ዊልስን በቦታው። አባቴ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ ለሁለት ልክፈለው ብል የት ላቁም?

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች እናት

ኒክሰን መልቀቃቸውን በቴሌቪዥን ሲናገሩ ፎረስት ከጦሩ ይሰናበታል፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እዚያ አቁሚ። ቀጣዩ ክፍል ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) በሚጠመድበት ጀልባ ይጀምራልና ሽሪምፕ ምን እንደሆነ ለአባታችን ፎቶ አሳዪያቸው። «የፍራፍሬ ድርጅት» የሚለው አክሲዮንም አፕል መሆኑን ልጅሽ ታስረዳቸው፤ ስልኳን አውጥታ ጀርባውን ብታሳያቸው ይበቃል።