የማስተርስ ጥናት በጉሊት ሴቶች ላይ፦ አማካሪዬ «600ው ከየት መጣ?» አሉኝ

ብርቱካን ልጣጭ

እንደምን ዋላችሁ። በሥርዓተ ጾታ ጥናት የሁለተኛ ዓመት ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ርዕሴ «የጉሊት ንግድ ሴቶችን በማብቃት ረገድ ያለው ሚና፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ» ይላል። ፕሮፖዛሉ ላይ 600 ነጋዴ አለ ብዬ የናሙና ብዛት በሚሰላበት የያማኔ ቀመር 240 ናሙና አወጣሁ። አማካሪዬ «600ው ከየት መጣ?» ብለው መለሱልኝ። መጠይቄ 12 ገጽ ነው፤ መስክ የምወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ናሙናውን ልቀይር ወይስ ርዕሱን?

ሐምራዊ ደብተር

ስሌትሽ ላይ ስህተት የለም። በ5 በመቶ የስህተት ልክ ቀመሩ 600ን ለ2.5 ያካፍላል፤ 240 ነው። ግን ያ ቀመር የሚሠራው ዕጣ የምታወጪበት የስም ዝርዝር በእጅሽ ሲኖር ነው። ወረዳው ዝርዝር ቢሰጥሽ እንኳ እዚያ ላይ የምታገኚያቸው ተደራጅተው ቦታ የተሰጣቸውን ነው። ማዳበሪያ አንጥፋ ሦስት መደብ ሽንኩርት የምትሸጠዋ አልተመዘገበችም፤ ጥናትሽ ደግሞ ስለ እሷ ነው። ቁጥሩን ከቀድሞ ቴሲስ ወስደሽው ከሆነ (ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው) ከ2016 የኮሪደር ልማት ወዲህ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ስንቱ እንደተነሣ አትርሺ።

የግድ ቁጥር ካስፈለገሽ ዝርዝሩን ራስሽ ሥሪው። መንገዱን በአምስት በስድስት ክፍል ከፍለሽ በሥራ ቀንና ቅዳሜ፣ ጠዋትና ከ11 ሰዓት በኋላ እየዞርሽ ቁጠሪ። ጠዋት ብቻ ከቆጠርሽ ማታ በቆሎ የምትጠብሰዋ ትቀርብሻለች።

ለዚህ ርዕስ ግን ቁጥሩን ብትተዪው ይሻላል ባይ ነኝ። ከ15 እስከ 20 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት የቡድን ውይይት፣ በአንዱ ከ6 እስከ 8 ሰው። ያገባች፣ የፈታች፣ ከገጠር የመጣች፣ እዚሁ የተወለደች እያልሽ አመጣጥነሽ ምረጪ። ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ፦ 18 ሰው በ50 ደቂቃ 15 ሰዓት ድምፅ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 5 ሰዓት ብትይ እንኳ 75 ሰዓት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ ገና አልተቆጠረም።

ቀበና ድልድይ

የናሙናው ነገር ይስተካከላል። እኔን ያሳሰበኝ 12 ገጹ ነው።

«ሥራ አለሽ?» የሚል ጥያቄ ካለበት አውጪው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለች ሴት «የለኝም፣ እንዲሁ ጉሊት ነው» ትልሻለች። «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሣሽ ጀምሮ ምን ምን ሠራሽ?» ብለሽ ሰዓት በሰዓት ሂጂ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2005 የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሲያደርግ የተጠቀመው ይህንኑ የ24 ሰዓት መንገድ ነው። ሁለት ዓምድ አድርጊለት፤ ሽንኩርት እየሸጠች ልጅ ታጠባለች፣ ምስር ትለቅማለች። በአንድ ዓምድ ከጻፍሽ ከሁለቱ አንዱ ይጠፋል።

«በገቢሽ ላይ ማን ይወስናል?» የሚለውም ያው ነው። አብዛኞቹ «ተመካክረን» ይሉሻል፣ አንቺም 80 በመቶ ምናምን ብለሽ ሠንጠረዥ ትሠሪያለሽ። ይልቅ ትናንት ስንት እንደቀራት፣ የት እንዳስቀመጠችው፣ እቁቡ በማን ስም እንደሆነ፣ ሲወጣ ማን እንደሚቀበል ጠይቂ። ለልጇ ጫማ የገዛችው ባሏን «ጠይቃ» ነው ወይስ «ነግራ»? «ነግሬው ገዛሁ» እና «ጠይቄው ገዛሁ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ ሁለቱም «ተወያየን» ይሆናሉ፤ ጥናትሽ ያለው ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ነው። ትንተናው ላይ አማርኛውን እንዳለ አስገቢና ከሥሩ ተርጉሚው።

ርዕሱን በተመለከተ፦ «ማብቃት» ብለሽ ከጀመርሽ መልሱን አስቀድመሽ ሰጥተሻል። የሥርዓተ ጾታ ተመራማሪዋ ናይላ ካቢር እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቃትን በሦስት ከፍላ አስቀምጣዋለች፦ ሀብት፣ የመወሰን አቅም፣ ውጤት። ጉሊቱ ሀብቱን እንዳመጣ ታሳያለሽ፤ የቀሩት ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ገና ጥያቄ ነው። ርዕሱን ወደዚያ አዙሪው።

ሰማንያ

አንድ ነገር ልጨምር። «ያገባች / ያላገባች» የሚል ሳጥን ብቻ ካለሽ ሳይፈራረሙ አብረው የሚኖሩትን የት ልታስገቢ ነው? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 62 ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ የጉሊቱም ብር እንደዚያው። ጋብቻ ሳይኖር አብረው ለሚኖሩ ደግሞ ገቢው የጋራ እንዲሆን አንቀጽ 102 ቢያንስ 3 ዓመት አብሮ መኖርን ይጠይቃል። ስለዚህ «ከስንት ዓመት ጀምሮ አብራችሁ ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ደግሞ «በመላ አገሪቱ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ይህ አዋጅ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፣ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ። ቴሲስሽን ስትከላከዪ የሚያስጠይቅ ስህተት ነው።

ብርቱካን ልጣጭ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 240ውን ሰረዝኩት። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወረዳ ልሂድ ወይስ በቀጥታ ወደ ሴቶቹ? የባል ዱላን የሚመለከት ክፍልስ በቡድን ውይይቱ ይካተት?

ሐምራዊ ደብተር

ደብዳቤውን ውሰጂ፣ ለወረዳው አስገቢ፣ ቅጂውን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ከወረዳ ሰው ጋር ግን አትሂጂ። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው አብሮሽ ካዩ «ደንቦች መጡ» ተብሎ ማዳበሪያው ተጠቅልሎ ይነሣል፣ በማግስቱም ብቻሽን ብትመጪ የሚያናግርሽ የለም። ፊርማም እንዲሁ ያስደነግጣል። ፈቃዳቸውን በቃል ተቀብለሽ በድምፅ እንድትቀጂ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አሁኑኑ ጠይቂ፤ መስክ ከወጣሽ በኋላ ማስፈቀድ አይቻልም። ሰዓቱን ከ8 እስከ 10 አድርጊው፣ ከ11 በኋላ ሰው ከሥራ ሲወጣ ጉሊቱ ይደራል።

ቀበና ድልድይ

ዱላውን በቡድን ፈጽሞ አትጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ክፍል ሲያስገባ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ መርጦ፣ ለብቻዋ ሆና ነው የጠየቀው። ምክንያቱም የተናገረችው ባሏ ጆሮ ከደረሰ ማታ የምትመታው እሷ ናት። ጉሊት ላይ ጎረቤቷ አጠገቧ ናት፣ በየአምስት ደቂቃው ገዢ ይመጣል። በር የሚዘጋ ክፍልና ችግር ቢገጥማት የምትልኪበት ቦታ ከሌለሽ ክፍሉን አውጪው። የዚያን ጥናት የታተመ ውጤት በዳራው ላይ ጥቀሺ። ራሷ ካነሣችው አዳምጪ፣ መቅጃውን አጥፊው።