1/25 ስሊንግሾት ድራግስተር፦ የጎበጠ ሻንሲ፣ የማይጣበቅ ክሮምና የካንዴላ ገመድ

ቺንጋ25፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን ስሊንግሾት፣ ማለትም ሞተሩ ከሹፌሩ ፊት የሆነ ድራግስተር (የቀጥታ መስመር እሽቅድምድም መኪና)፣ የፕላስቲክ ሞዴል በ1/25 እየገጣጠምኩ ነው። ሞተሩ ክራይስለር 392 ሄሚ (የማቃጠያ ክፍሉ ግማሽ ሉል የሆነ)፣ ላዩ ላይ 6-71 ብሎወር (አየር በግፊት የሚያስገባ) ያለው። የሻንሲው ግራና ቀኝ ቱቦዎች ከካርቶኑ ሲወጡ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ሳላጣብቅ በቴፕ አስሬ ሳየው ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ከጠረጴዛው 2 ሚሊ ይነሳል። ክሮም የሆኑት የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ደግሞ ሙጫ አልይዝ ብለዋል። የካንዴላ ገመድ ኪቱ ውስጥ የለም፤ ልጨምር ብል ስንት ሚሊ ሽቦ ነው? ከየት ወዴትስ ይሄዳል?

ወረንጦ፦
ሻንሲውን ገና ስላላጣበቅከው አልረፈደም። ውሃ አፍላና እሳቱን አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፤ 70 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። የሚንተከተክ ውሃ ቀጭኑን ቱቦ ከነጭራሹ ያበላሸዋል። 20 ሰከንድ ያህል ነክረህ ከብረት ማስመሪያ ጋር ያዘውና እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። በአንዴ ካልተቃና ድገመው እንጂ በጉልበት አትጠምዝዘው። የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ካወጣ፣ በኋላ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ካሬ ወረቀት ለጥፍና መሐል ለመሐል መስመር አስምር። ሁለቱን ጎኖች ከመስመሩ እኩል አርቀህ በእንጨት ቁራጭ ደግፋቸው። ግን ሞተሩ በመሐላቸው መግባቱን ሳታይ እንዳታጣብቅ! ቀለም በሁለቱም በኩል ውፍረት ይጨምራል። ሳይቀባ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ሞተር ከተቀባ በኋላ ቱቦዎቹን ፈልቅቆ ያን ሁሉ ያቃናኸውን መልሶ ያጎብጠዋል። የሞተሩን ማሰሪያዎች በሞረድ ቀንሰህ ትንሽ እንዲላላ አድርገው።

ቀጭኑን ፈሳሽ ሙጫ በብሩሽ ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር እያስነካህ ሂድ፤ ከዚያ 24 ሰዓት አትንካው። ጎማው አሁንም ከተነሳ ጥፋቱ ከአክስሉ ነው። በተነሳው ጎማ በኩል ያለውን የአክስል ቀዳዳ በቀጭን ክብ ሞረድ ወደ ታች አስረዝመው፤ አራቱም ጎማ መስታወቱን ሲነካ ብቻ አጣብቅ።

ቱቦው ላይ ከፋብሪካው ቅርጽ (ሞልድ) የቀረውን መስመር በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ክቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። በምላጭ ቢላዋ ጀርባ ፋቀው።

ካንዴላ8፦
ክሮሙ የማይጣበቀው ፈሳሹ ሙጫ ፖሊስታይሪኑን አሟሙቶ ስለሚያዋህድ ነው። ክሮሙ መሐል ገብቶ ከልክሎታል። የሚጋጠመውን ፊት ብቻ ፋቅ። ክሮሙን ጨርሶ ለማንሳት ከፈለግክ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው፤ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ይለቃል፣ አንዳንዱ ያድራል። በረኪናውን ከሌላ ምንም ነገር ጋር እንዳትቀላቅል፣ መስኮትም ክፈት። የቱቦዎቹን አፍ መቦርቦር እንዳትረሳ። መጀመሪያ በመርፌ መሐሉን ምልክት አድርግ፣ በ0.8 ሚሊ ብስ፣ ከዚያ በቢላዋ ጫፍ እያዞርክ አስፋው። ድፍን ቱቦ ሞዴሉን ወዲያው አሻንጉሊት ያስመስለዋል።

ገመዱን በተመለከተ፦ የእውነተኛው ውፍረት 7 ሚሊ ግድም ስለሆነ በ1/25 0.28 ይመጣል። 0.3 ሚሊ ሽቦ ውሰድና በ0.4 ብስ። ሄሚ ላይ ካንዴላው የሚገባው በቴስታታው መሐል በመሆኑ ገመዶቹ በቫልቭ ክዳኑ በኩል ነው የሚገቡት፤ በየክዳኑ አራት ቀዳዳ። ከጭስ ማውጫው በላይ ጎኑን የሚበሱ ሰዎች አሉ፤ ያ የሌላ ሞተር ነው። 392 ላይ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና የሚያከፋፍለው) ከኋላ፣ በብሎወሩና በሹፌሩ መሐል ይቆማል። ሲሊንደሮቹ በሹፌሩ ግራ ከፊት ወደ ኋላ 1-3-5-7፣ በቀኙ 2-4-6-8 ናቸው። የማቀጣጠል ተራው 1-8-4-3-6-5-7-2 ስለሆነ የማግኔቶው ክዳን ላይ ገመዶቹን በዚሁ ተራ ዙሪያውን ትተክላለህ። መጀመሪያ ማግኔቶው ላይ ስምንቱንም አጣብቅ፣ ሞተሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለክተህ ቁረጥ።

ማርሚታ፦
በወረንጦና በካንዴላ8 ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ገመዱን በሱፐር ግሉ ከያዝከው ጢሱ ክሮሙን ነጭ ያለብሰዋል። በመርፌ ጫፍ ጠብታ ብቻ ንካ፣ አየር ያለበት ቦታ ላይ። እኔ ብሆን ነጩን የእንጨት ሙጫ እመርጣለሁ፤ ገመድ ጭነት የለበትም።

አገር ቤት ላላችሁ፦ የመኪና ስፕሬይ ቲነሩ ፖሊስታይሪንን ይበላል። መጀመሪያ ክፍሎቹ የተያዙበት ትርፍ ፍሬም ላይ ሞክሩት። ሌላው ጎማው ነው። የአሮጌ ኪት ጎማ ለስላሳ ቪኒል ስለሆነ ውስጡ ያለው ዘይት ወጥቶ የፕላስቲኩን ቸርኬ ቀስ በቀስ ያሟሙታል። ጎማውን ከመክተትህ በፊት በሚነካካበት ዙሪያ ቀጭን ፎይል ጠቅልልበት። የኋላዎቹን ሰፋፊ ጎማዎች ደግሞ መሬት የሚነካውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ የሚያበራ ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ) የትም የለም።

ቺንጋ25፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የቀረችኝ፦ ከሞተሩ ጀርባ የሚገባ ሁለት ዓይነት ክፍል አለ። አንዱ አጭር ደወል መሳይ፣ ሌላው ተለቅ ያለ ካምቢዮ የሚመስል። የቱን ልጠቀም?

ካንዴላ8፦
ዓመቱ ይወስነዋል። ለ60ዎቹ መጀመሪያ አጭሩን ተጠቀም። የዚያ ዘመን በናይትሮሜታን የሚነዱ ድራግስተሮች አብዛኞቹ ካምቢዮ አልነበራቸውም፤ ከፍሪሲዮኑ በቀጥታ ወደ ዲፈረንሻሉ ነው። ሹፌሩ ከኋላው አክስል ጀርባ፣ ዲፈረንሻሉን በእግሮቹ መሐል አድርጎ ይቀመጣል። ትልቁ ባለ ሁለት ፍጥነት ካምቢዮ ይመስላል፤ እሱ ለአሥርቱ መጨረሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎንግ ቢች (ካሊፎርኒያ)፣ ላየንስ የድራግ ውድድር ሜዳ ላይ ፈንድቶ የታዋቂውን የድራግስተር ሹፌር የዶን ጋርሊትስን የቀኝ እግር ከፊል የቆረጠው እንዲህ ያለው ነው። በ1971 ጋርሊትስ ሞተሩን ከጀርባው አድርጎ ተመለሰ፣ ስሊንግሾትም ብዙም ሳይቆይ ከሜዳ ወጣ።

አጭሩን ከመረጥክ የፊት ፍሬን እንዳትገጥም፤ ፊት ላይ የሽቦ ቸርኬ ብቻ ነው። ኪቱ ትርፍ ዲስክ ቢሰጥህም ሳጥኑ ውስጥ ተወው።