ሙል 4 ላይ ያልተከፈለው «ተከፍሏል» እያለ አስቸገረኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የተለያዩ ሲስተሞችን በሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በሙል 3፣ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወደ ሙል 4 ስሸጋገር ግን ግራ ገባኝ።

ፍሎውቫርስ (ተለዋዋጮቹ) ቫርስ መባሉን፣ በኤምኢኤል ፋንታ ዳታዊቭ የሚባለው ቋንቋ መምጣቱን፣ ኢንባውንድ ፕሮፐርቲዎች (ከመልእክቱ ጋር የሚመጡት መረጃዎች) ወደ አትሪቢዩትስ መግባታቸውን እንደ ምንም ተወጣሁት። የያዘኝ የስህተት አያያዙ ነው።

ጤፍ ላስረከቡ ገበሬዎች ክፍያ ወደ ባንክ የሚልክ ፍሎው (ተከታታይ የሥራ ደረጃዎች) አለኝ። ፎር ኢች የሚባለው ደጋጋሚ ክፍያዎቹን አንድ በአንድ እየወሰደ በፍሎው ሬፍ (በፍሎው መጥሪያው) ሌላ ፍሎው ይጠራል። ባንኩ መልስ ሲያዘገይ ታይምአውት (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ የሚል ስህተት) ይመጣል። የተጠራው ፍሎው ላይ ኦን ኤረር ኮንቲኒው (ስህተቱን ይዘህ ቀጥል) አድርጌ ነበር። ለካ ጠሪው ምንም እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ ይቀጥላል! መዝገቡ «ተከፍሏል» ይላል። ሰውየው ግን ከቢቸና ድረስ መጥቶ ደብተሩን ዘርግቶ ያሳየኛል። የገባለት የለም። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ኦን ኤረር ፕሮፓጌት (ስህተቱን ለጠሪው አስተላልፍ) ሳደርገው ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ከ40ው ክፍያ 17ኛው ላይ ሲሰናከል የቀሩት 23ቱም አብረው ቆሙ።

አሁን ያሰብኩት ፕሮፓጌቱን ሳልነካ ፎር ኢቹ ውስጥ ትራይ (ስህተትን ለብቻው የሚይዝ ክፍል) ማስገባት ነው። ኮንቲኒውን እዚያ አድርጌ ያልሄደለትን «ይጣራ» ብዬ ልመዝግብ። ልክ ነኝ? አንድ ጓደኛዬ አንቲል ሰክሰስፉል የሚባለው እስኪሳካ ደጋግሞ ይሞክርልሃል አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ገንዘቡ ገብቶ የቀረው መልሱ ብቻ ቢሆንስ? ሁለቴ ልከፍል እኮ ነው።

ይህ የገጠመው ሰው ካለ የኤክስኤምኤሉን (ፍሎው የሚጻፍበትን ኮድ) ቅርጽ ብቻ ቢያሳየኝ ይበቃኛል። ቀጣዩ ክፍያ ሰኞ ነው።