የ.30-30 ቀለህ ግርጌው አጠገብ የሚያበራ መስመር እያወጣ ነው፤ መልሼ ልሙላው ወይስ ልጣለው?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃዬ ዊንቸስተር 94 ነው፣ የ.30-30። ያው እጀታውን ወደ ታች ከፍታችሁ ስትመልሱት የሚያጎርሰው፣ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ የሚሰለፍበት። የምጠቀምበት ለአጋዘን አደን ነው። የተተኮሰውን የናስ ቀለህ መልሼ እየሞላሁ ጥይት በራሴ መሥራት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ፕሬስ አለኝ፣ ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳይ አለኝ፣ ሚዛን አለኝ። የባሩዱን ልክ ከታተመው መመሪያ ውጪ ነክቼው አላውቅም።

ችግሬ ቀለሁ ላይ ነው። ደጋግሜ ከሞላኋቸው መካከል አንዳንዶቹ ከግርጌያቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያቸውን የሚያበራ ቀጭን መስመር አወጡ። በጥፍሬ ስዳስሰው ምንም አይይዘኝም። ግርጌው መሀል ያለው እሳት ጫሪው፣ ፕራይመሩ፣ አልተጠፈጠፈም፣ ቀለሁም ሲወጣ አያስቸግርም። ስለዚህ ግፊቱ የበዛ አልመሰለኝም። አንድ ጓደኛዬ «ባሩዱን ቀንስ» አለኝ። መመሪያው ወደሚሰጠው ዝቅተኛ ልክ አወረድኩት። መስመሩ አሁንም አለ።

ሌላም ልጠይቅ። ጫፉ ሹል የሆነ አረር በእጄ አለ። ሹል አረር አየር ላይ ፍጥነቱን ቶሎ አይለቅም ይባላል። በዚህ ጠመንጃ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ቀለህ ለቃሚ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። አትችልም።

ቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነው የሚሰለፉት። የኋለኛው አረር ጫፍ የፊተኛው ጥይት ፕራይመር ላይ ያርፋል። ተኩሰህ ጠመንጃው ሲረግጥ ሰልፉ በሙሉ ይንገጫገጫል። ያኔ ሹሉ ጫፍ የመምቻውን መርፌ ሥራ ሊሠራልህ ይችላል፤ ያውም ጠመንጃውን በደገፈው እጅህ መዳፍ ላይ። ለዚህ ነው የ.30-30 አረር አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው። ለቱቦ ተብሎ የተሠራ፣ ጫፉ እንደ ላስቲክ የሚለሰልስ አረር አለ። ሆርናዲ ያወጣው እሱ ነው፤ ያንን ከራሱ መመሪያ ጋር መጠቀም ይቻላል። ተራውን ሹል አረር ግን ተወው። «አንዱን ጥይቱ የሚተኮስበት ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ብቻ ቱቦው ውስጥ አድርጌ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም። ጎህ ሳይቀድ በደነዘዘ ጣት የሚያጎርስ ሰው ሦስተኛውን መጨመሩን ማን ያስታውሰዋል? ደግሞስ ለምን? በዚህ ጠመንጃ ክፍት ማነጣጠሪያ ከ150 ሜትር ወዲህ ነው የምትተኩሰው። እዚያ ርቀት ላይ አጋዘኑ የአፍንጫውን ቅርጽ አይለይልህም።

አሁን ወደ ቀለሁ። ጓደኛህ የሳተው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን የሚያመጣው የባሩዱ ብዛት ሳይሆን ናሱ መለጠጡ ነው።

.30-30 ግርጌው ላይ ጠርዝ ያለው ቀለህ ነው። ጠመንጃው ውስጥ የሚይዘው ያ ጠርዝ ነው፤ ትከሻው፣ ማለትም ወደ አንገቱ የሚጠበው ቦታ፣ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ክፍሉን ከትከሻው ፊት ትንሽ ለቀቅ አድርገው ይቆርጡታል። ቆሻሻ ቢገባበትም፣ ቀለሁ ትንሽ ቢለያይም ጥይቱ እንዲገባ ነው። ስትተኩስ የቀለሁ የፊት ግድግዳ ተነፍቶ ክፍሉ ላይ ይጣበቃል። ግርጌው ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ መዝጊያው ይገፋል። ፊቱ ተይዟል፣ ኋላው ይሄዳል። ናሱ የሚለጠጠው ወፍራሙ ግርጌ አልቆ ቀጭኑ ግድግዳ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ያንተ መስመር ያለው እዚያው ነው።

በዚያ ላይ 94 የሚቆለፈው ከመዝጊያው ኋላ ነው። ቦልት ያላቸው፣ መዝጊያቸው በእጅ እየተጠመዘዘ የሚዘጋው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የሚቆለፉት ከፊት፣ ጥይቱ አጠገብ ነው። ያንተ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር መዝጊያውም አካሉም ለቅጽበት ትንሽ ይሳሳባሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ቀለሁ ግን ይከፍልበታል።

ከዚያ አንተ ቤት ገብተህ ዳዩን እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ትከሻውን ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ። በሚቀጥለው ተኩስ እንደገና ወደፊት ይሄዳል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት ከእጥፋቱ ላይ እንደሚሰበር፣ ቀለሁም በመጨረሻ እዚያ መስመር ላይ ለሁለት ይለያል። ግርጌው ብቻውን ይወጣል፤ ቀሪው ክፍሉ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ያን ቀን አደኑ አበቃ ማለት ነው። በዚያ ስንጥቅ የሚያመልጥ ጋዝ ደግሞ ፊትህ አጠገብ ነው የሚወጣው። የተኩስ መነጽርህን ሳታደርግ አትተኩስ።

ስለ ፕራይመሩ ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሸወዳል። የ.30-30 ከፍተኛ ግፊት በአሜሪካ የኢንዱስትሪው መለኪያ 42,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የሌላው ጥይት፣ የ.308 ዊንቸስተር፣ 62,000 ነው። ፕራይመር መጠፍጠፍና ቀለህ መጣበቅ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ወደዚያኛው ቁጥር ሲጠጉ ነው። ስለዚህ በ94 ምልክቱን እስክታይ ብትጠብቅ ጠመንጃው ከተሠራለት ልክ አልፈህ ሄደሃል። «ፕራይመሩ ደህና ነው» ማለት እዚህ ምንም ማለት አይደለም። ግፊቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ፕራይመሩ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሊቀር ይችላል። ሰው ያንን አይቶ ግፊቱ በዛ ይላል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው።

ምን ታደርጋለህ? ጠንካራ ቀጭን ሽቦ ውሰድ። ጫፉን ትንሽ አጥፈህ በሞረድ አሹለው። ባዶው ቀለህ ውስጥ አስገብተህ ከግርጌው ጀምረህ ግድግዳውን እየፋቅህ ወደ አፉ ሳበው። ጫፉ ቦይ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ከያዘህ ቀለሁ አልቋል። በፒንሳ ጨፍልቀህ ጣለው፣ ተመልሶ ከደህናዎቹ ጋር እንዳይቀላቀል። ከተጠራጠርክ አንዱን በብረት መጋዝ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው። አንዴ በዓይንህ ካየኸው ሌላ ጊዜ እጅህ ያውቀዋል።

ሽቦው ካልያዘህ መስመሩ የዳዩ አፍ የቆመበት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ ሰፋ ያለና የተፋቀ ይመስላል፤ አያሳስብም።

ከዚያ ዳዩን ለቀቅ አድርግ። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ትከሻውን በማርከር አጥቁር። ፕራይመር የሌለው ይሁን። ዳዩን ከፍ አድርገህ ጀምርና በጥቂት በጥቂቱ አውርደው። በየመሀሉ ቀለሁን ጠመንጃው ውስጥ አስገብተህ እጀታውን ዝጋ። ሳይታገልህ በተዘጋበት ልክ ላይ ቁም። ከዚያ በላይ ትከሻውን አትግፋው።

አንገቱን ብቻ የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ፤ ለቀለሁ ዕድሜ ጥሩ ነው ይላሉ። ለቦልት ጠመንጃ እሺ። የዚህ እጀታ ግን እንደ ቦልት እየጠመዘዘ ጥይትን በግድ የሚያስገባ ጉልበት የለውም። አጋዘን ፊት ለፊትህ ቆሞ እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም ያዳንካት ናስ አታጽናናህም።

አዲስ የፋብሪካ ጥይት በመጀመሪያ ተኩሱ ብቻ ይህን መስመር ካወጣ ግን የዳይ ጉዳይ አይደለም። መተኮሱን አቁመህ ጠመንጃውን ለባለሙያ አሳይ፣ የመዝጊያውን ክፍተት ይለካልህ።

ባለ ሳቬጅ፦

ይሄን ሁሉ ጣጣ ሳነብ ሳቬጅ 99 ጠመንጃዬን ሳምኩት። ጥይቱ የሚቀመጠው ቱቦ ውስጥ ሳይሆን በሚሽከረከር ከበሮ ነው። አንዱ የሌላውን ፕራይመር አይነካም፣ ሹል አረር እንደልብህ። በ1920 የወጣው ጥይቱ፣ .300 ሳቬጅ፣ ጠርዝ እንኳ የለውም። ሰው ለምን ከቱቦ ጋር ይታገላል?

ቀለህ ለቃሚ፦

ባለ ሳቬጅ፣ ሳመው፣ ይገባዋል። ግን እሱም የሚቆለፈው ከኋላ ነው። ያንተም ቀለህ ይለጠጣል፣ ሽቦዋን አንተም ያዝ። የ.300 ሳቬጅ አንገት አጭር መሆኑንም ደብቀሃል፤ አረሩን የሚይዘው ትንሽ ነው።

ቱቦውን ለምን እንወደዋለን? ቀጭን ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ መሀሉን በአንድ እጅ ይዘህ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለህ። ጆን ብራውኒንግ ሲሠራው ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

ሚዛን ላይ፦

ስለ ቀለሁ ርዝመት ማንም አላነሳም። ናስ ሲለጠጥ ወደ አፉም ይሄዳል። የ.30-30 ቀለህ ከፍተኛ ርዝመት 2.039 ኢንች ነው፣ 51.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዳዩ ባወጣኸው ቁጥር በካሊፐር ለካው። ካለፈ ቁረጠው። እኔ ባያልፍም ሁሉንም እኩል አድርጌ ነው የምቆርጠው፣ በክሪምፕ፣ ማለትም የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ በማጠፉ ምክንያት።

የቱቦው ስፕሪንግና ርግጫው አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፉታል። አረሩ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ለባሩዱ ያለው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል። ለዚህ ነው የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ባለችው ቦይ ውስጥ የምናጥፈው። ቀለሆቹ እኩል ካልሆኑ ረጅሙ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ አጭሩ ጭራሽ አይያዝም። ከልክ በላይ ሲታጠፍ ትከሻው ያብጥና ጥይቱ አይገባም። ጨርሰህ ስታበቃ አረሩን ጠረጴዛ ላይ በአውራ ጣትህ ጫን በለው። ከተንቀሳቀሰ ክሪምፑ አልያዘም።

ደግሞ ጀማሪ ስለሆንክ፦ በስሙ ውስጥ ያለው ሁለተኛው 30 ጥይቱ በ1895 ሲወጣ የነበረው የባሩድ ልክ ነው። የዛሬ ባሩድ ሌላ ነው። ያንን ቁጥር ሚዛን ላይ ያወጣ ሰው አይቻለሁ፣ ከእጁ ቀምተነዋል።

ጀማሪው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ቀለህ ለቃሚ፣ እንዳሉኝ በሽቦው ፈተሽኩ። መስመር ካወጡት አብዛኞቹ ያዙኝ፤ ጨፍልቄ ጣልኳቸው። አንዱን ሰነጠቅሁት፣ ውስጡ ቦይ አለ፣ ግድግዳው ወረቀት አክሏል። ዳዩንም ከፍ አደረግሁት፣ እጀታው ቀስ ብሎ ይዘጋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀለህ በእሳት አሙቆ ማለስለስ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። የቀሩትን እንዲያ ባደርጋቸው ዕድሜያቸውን ያራዝማል?

ቀለህ ለቃሚ፦

የአንገቱን አዎ፣ የግርጌውን በፍጹም። ናስ በተሠራ ቁጥር ይደርቃል፤ አንገቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሞቅ የሚጠቅመው ለዚያ ብቻ ነው። ግርጌው ግን ጠንካራ መሆን አለበት፣ ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ሙቀት እዚያ ከደረሰ ቀለሁን አበላሸኸው፣ ከውጪ ደግሞ ላታየው ትችላለህ። የሳሳ ግድግዳን የሚያወፍር እሳት የለም። አሁን ካለህ ልምድ አንጻር እኔ ብሆን ማሞቁን አቆየው ነበር።

ይልቅ አሁን የቀሩህን በአንድ ሳጥን ለያቸው፣ አዲስ ከምትገዛው ጋር አትቀላቅላቸው። ስንት ጊዜ እንደተሞሉ ሳጥኑ ላይ ጻፍ። ከእያንዳንዱ ሙሊት በፊት ሽቦዋን አስገባ።

ጀማሪው፦

እሺ ጋሼ። ሹሎቹንስ ምን ላድርጋቸው?

ባለ ሳቬጅ፦

እኔ አለሁ።