የፍርድ ቤት ሕንፃ በዛሬው መዝገብ ይለካ ወይስ በነገው?

ጥያቄው፦ በጅማ ከተማ አዲስ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕንፃ ይገንባ ቢባል፣ ስፋቱ ሊሰላ የሚገባው ዛሬ ባለው የመዝገብ ብዛት ነው ወይስ ከሃያ ዓመት በኋላ ይኖራል ተብሎ በሚገመተው?

ጠበቃው፦ በዛሬው ብቻ ከለካን ገና ሲመረቅ ይጠበናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ ስለሰጠ፣ ጅማ ላይ የሚቀርበው ከወረዳዎች በይግባኝ የሚመጣው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የችሎት አዳራሽ ሲያንስ ዳኛው በቢሮው ያስችላል፤ አራት ወንበር በማይዝ ቢሮ ውስጥ ደግሞ አንቀጽ 20 ለተከሳሽ ያረጋገጠው በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

መሐንዲሱ፦ በሥጋትዎ እስማማለሁ፤ በመፍትሔው ግን አይደለም። እስረኛን ከማረሚያ ቤት ሳያመጡ በፕላዝማ፣ ማለትም በቪዲዮ፣ ማስቻል እየተለመደ ሲሄድ የአዳራሽ ፍላጎት ይቀየራል። መሠረቱና ዓምዱ ተጨማሪ ሁለት ወለል እንዲሸከሙ ተሰልተው ይሠሩ፤ ወለሉ ግን ሲያስፈልግ ይጨመር።

ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ልጄ፣ ዓምዱን ስታሰላ የወረቀትን ክብደት አትርሳ። እስከ ጣራው መዝገብ የተደረደረበት ክፍል ጥቂት ጠረጴዛ ካለው ቢሮ እጅግ ይከብዳል፤ ለቢሮ በተሰላ ፎቅ ላይ በኋላ ልጫነው ብትል አይሆንም። ምድር ላይ ይሁን ካልክ ደግሞ የጅማ ክረምት ረጅም ነውና እርጥበቱ መዝገቡን ያሻግተዋል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ከመጀመሪያው ይታሰብለት። መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ማለትም ወረቀቱ ወዲያው ይወገዳል ማለት አይደለም።

ከገጠር የምትመላለስ ባለጉዳይ፦ እናንተ ስለ ዳኛውና ስለ መዝገቡ ትከራከራላችሁ፤ እኔ የምቆመው ደጅ ነው። በተመላለስሁበት አንድ ፍርድ ቤት ሁላችንም ለጠዋቱ 3 ሰዓት ስለምንቀጠር፣ ተራችን እስኪደርስ በአንድ ኮሪደር እንጨናነቃለን፤ ልትመሰክር የመጣች ሴትም ከተከሳሹ ዘመዶች ጎን ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ጠበቃው፦ እህታችን ያነሱት ነገር አቋሜን አስለውጦኛል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከመጋረጃ ጀርባ መመስከርን ቢፈቅድም፣ ምስክሯ እዚያ የምትደርሰው በዚያው ኮሪደር ከሆነ መጋረጃው ምን ይሸፍናል? ለዳኞች፣ በጥበቃ ሥር ላለ ተከሳሽና ለባለጉዳይ የተለያየ መግቢያ ዛሬውኑ ይሠራ፤ ይህን በኋላ እንጨምር ቢባል ግድግዳና ደረጃ ማፍረስ ይመጣልና። በአዳራሾቹ ብዛት ግን ከመሐንዲሱ ብዙም አልርቅም።

መሐንዲሱ፦ መግቢያውን ተቀብያለሁ፤ የመዝገብ ክፍሉንም እንዲሁ። የመጠበቂያው ስፋት ግን የእኔ ስሌት ብቻ አይደለም፤ ቀጠሮው በየሰዓቱ ቢከፋፈል የሚያስፈልገው ቦታ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ቀጠሮ የሚሰጡት ሰዎች ይጠየቁ።