"ለቤተሰብ" የሚባል ሙዚየም ውስጥ የጀንደር ኤግዚቢሽን፣ እናንተ ምን ትላላችሁ?

የሚጡ_እናት፦
ሰላም ወገን። ልጆቼን ሁሌ የምወስዳቸው ሙዚየም አለ፣ ራሱን "ለቤተሰብ" እያለ ነው የሚያስተዋውቀው፣ ሰሞኑን ስለ ወንድነትና ሴትነት ኤግዚቢሽን ከፍቶ ሰው ለሁለት ተከፍሎ እየተሰዳደበ ነው። እኔ ገብቼ አየሁት። አብዛኛው ምንም የለውም፣ ብየዳ የምትበይድ ሴት ፎቶ፣ ሕፃን ያዘለ አባት፣ ምናምን። አንዱ ክፍል ውስጥ ግን ራቁት ሰውነት አለ፣ ጥቃት የደረሰባት ሴት የምታወራበት ቪዲዮም አለ፣ ክፍሉ ደግሞ በር የለውም፣ ከዳይኖሰሩ ወደ ሽንት ቤት ስትሄዱ የግድ በሱ ነው የምታልፉት። ትንሿ ልጄ "ሴትየዋ ለምንድነው የምታለቅሰው?" ስትለኝ ምላሴ ተሳሰረ። ግማሹ ሰው ይነሳ ይላል፣ ግማሹ ይነሳ ያለውን ሁሉ ኋላ ቀር ይላል፣ እኔ ሁለቱም ጋ የለሁበትም። አስተያየት መስጫው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ቀጥታ_ተናጋሪ፦
እኔ ይነሳ ከሚሉት ነኝ፣ መሳደብ የፈለገ ይሳደብ። ለቤተሰብ ብለህ ትኬት ከቆረጥክ ቃል ገብተሃል፣ አለቀ። ሥዕሉ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ለአዋቂ የሚሆን ጋለሪ ሞልቷል እዛ ይሰቀል። ልጄ ስለ ጥቃት መቼ መስማት እንዳለበት የምወስነው እኔ እንጂ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ አይደለም። እንዲህ ስል ደግሞ ሴት ጠላ የሚለኝ አይጠፋም፣ ሦስት ሴት ልጆች ነው ያሉኝ ባክህ።

አሮጌ_ሸራ፦
ወንድሜ ቃል ገብተሃል ያልከው ይገባኛል፣ ግን ራቁት ሴት ሙዚየም ውስጥ ዛሬ ነው እንዴ የተጀመረው? ጉሪላ ገርልስ የሚባሉ የጎሪላ ጭምብል የሚያጠልቁ ሴት አርቲስቶች በ1989 በፈረንጆቹ ኒውዮርክ ያለውን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቆጥረው ፖስተር ሠርተውበት ነበር፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍሉ ካሉት አርቲስቶች ሴቶቹ ከ5 በመቶ በታች፣ ራቁት ከተሣሉት ውስጥ ግን 85 በመቶው ሴት። እንደዚህ ዓይነት ሥዕሎች ፊት ልጆች በአስተማሪ ተሰልፈው ሲያልፉ ብዙም የሚንጫጫ አታይም። ሴቷ ራሷ ብሩሽ ይዛ "እኔ ላይ ይሄ ደረሰ" ስትል ነው ልጆች ትዝ የሚሉን። ይቺን ነገር ትንሽ አስባት።

ማንሳት ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም። እንግሊዝ ያለው ማንቸስተር አርት ጋለሪ በ2018 በፈረንጆቹ ዋተርሃውስ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ የሣለውን ሥዕል አውርዶ ነበር፣ ራቁታቸውን የሆኑ የውሃ ልጃገረዶች አንዱን ወጣት ወደ ኩሬ ሲጎትቱት የሚያሳየውን፣ ሴት እንዲህ መታየት አለባት ወይ ብለን እንነጋገር ነው ምክንያቱ። ባዶው ግድግዳ ላይ ሰው በቁራጭ ወረቀት ሐሳቡን እንዲለጥፍ ተደረገ፣ አብዛኛው ተናደደ፣ ሳንሱር ነው ተባለ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሥዕሉ ቦታው ተመለሰ።

ሰማያዊ_ቀለም፦
የአሜሪካዊቷን አርቲስት የጁዲ ቺካጎን "የእራት ገበታ" የሚያውቅ አለ? በ1979 በፈረንጆቹ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትልቅ ጠረጴዛ፣ ለ39 ታሪካዊ ሴቶች የተዘጋጀ ቦታ። ሳህኖቹ አበባም ቢራቢሮም ይመስላሉ፣ የሴት አካልንም ያስታውሳሉ። በ1990 በፈረንጆቹ የአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ነውር ነው ተብሎ ተወገዘ፣ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ የነበረው በዚህ ጭቅጭቅ ቀረ። አሁን ኒውዮርክ ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ በቋሚነት አለ። ትንሽ ልጅ ብታቆሚ የሚያየው ቢራቢሮ ነው፣ የምንሸማቀቀው እኛ ነን 😅 ቪዲዮው ግን ሌላ ነው፣ የምታለቅስ ሰው ድምፅ ልጅን ያስፈራል፣ እዛ ላይ ከቀጥታ_ተናጋሪ ጋር ነኝ።

ትኬት_ቆራጩ፦
እኔ ሙዚየም ነው የምሠራው (የናንተው አይደለም)፣ የሚጡ እናት ስሚኝ እህቴ፣ "ይነሳ" ብለሽ ከጻፍሽ ይነሳ ካሉት ጋር ይደምሩሻል፣ "አሪፍ ነው" ካልሽም ከሌላው፣ ከዛ ማንም አያነበውም። ቦታውን ጻፊ። በር የሌለው ክፍል፣ ወደ ሽንት ቤት የሚያስኬደው ብቸኛ መንገድ እሱ መሆኑ፣ ይሄ የአቀማመጥ ስህተት ነው፣ በአንድ ቀን ይስተካከላል። ማስጠንቀቂያው ትኬት መቁረጫው ጋ ይሁን በይ፣ ክፍሉ አፍ ላይ ከሆነ ልጅ ማንበብ አይደለም ሮጦ ገብቷል። ቪዲዮው ደግሞ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ድምፁ በሄድፎን ብቻ ይሰማ፣ ብዙ ቦታ እንደዛ ነው የሚደረገው። ሌላው ማንም የማያስበው፣ መግለጫ ጽሑፉ በአዋቂ ዓይን ቁመት ይሰቀልና ልጁ የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ይሆናል፣ ዝቅ ብሎ በቀላል አማርኛ "ይቺ ሴት ያዘነችው ሰው ስለጎዳት ነው" የሚል ቢኖር አንቺም ምላስሽ ባልተሳሰረ።

መሸፈን ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ለንደን ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ሚካኤል አንጄሎ የሠራው ራቁት የዳዊት ሐውልት የጀሶ ቅጂ አለው፣ ድሮ የቤተ መንግሥት እመቤቶች ሲመጡ በመንጠቆ የሚሰቀልለት የጀሶ ቅጠል ነበረው። ዛሬ ቅጠሉም ራሱ እዛው ለእይታ ቀርቧል ሃሃሃ።

የሚጡ_እናት፦
እናመሰግናለን። መንገዱ ይቀየር፣ ቪዲዮው በሄድፎን ይሁን፣ ለልጆች የሚሆን ጽሑፍ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፣ ማስጠንቀቂያው ትኬት ጋ ይሁን ብዬ ልጽፍ ነው። ሥዕሎቹ ይቆዩ እላለሁ፣ ራቁቶቹም።

ቀጥታ_ተናጋሪ፦
መንገዱና ማስጠንቀቂያው ላይ የኔንም ስም ጨምሪበት። ቪዲዮው ግን በሄድፎንም ቢሆን እዛ ቤት ቦታው አይደለም፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። መልስ ከሰጡሽ እዚሁ ፖስት አድርጊልን።