ኦክቴን ከፍ ያደርጋል የሚባለው ፈሳሽ ለአሮጌ ኮሮላ ይጠቅማል?

ዓባይ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ባለ ካርቡራተር አሮጌ ኮሮላ ነው። በባሕር ዳር ሜዳ መንገድ ምንም አይለውም፤ ነገር ግን አራት ሰው ጭኜ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ፣ በተለይ ማርሽ ሳልቀንስ ቤንዚን ስረግጥ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ከሞተሩ ይሰማኛል። መለዋወጫ ሻጩ ቤንዚኑ ደካማ ስለሆነ ነው ብሎ፣ ሰልባትዮው በሞላ ቁጥር አንድ ጠርሙስ እንድጨምር መክሮኝ አንዱን ገዝቻለሁ። ከመክፈቴ በፊት የምታውቁትን ብትነግሩኝ?

ካንዴላ፦
ወንድሜ፣ ለጊዜው አይክፈቱት። ኦክቴን የቤንዚን ጉልበት መለኪያ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲግል የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ጊዜ እንዳይነድ ያለውን ትዕግሥት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዝቅተኛ ኦክቴን እንዲበቃው ተደርጎ ለተሠራ ሞተር ከፍተኛውን ቢሰጡት ምንም አይጨምርለትም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ነጥብ» ነው። በእነዚህ ምርቶች አነጋገር 10 ነጥብ አንድ ኦክቴን ብቻ ስለሆነ፣ «30 ነጥብ ይጨምራል» የተባለው 91 የነበረውን ቤንዚን 94 ያደርገዋል ማለት ነው፤ «3 ነጥብ» ከሆነ ደግሞ 91 ተኩል እንኳ አይሞላም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በማነሱም እመቃው ይቀንሳል፣ ሞተሩም የማንኳኳት፣ ማለትም ቤንዚኑ በራሱ ነድዶ እርስዎ የሰሙትን ዓይነት ድምፅ የማሰማት፣ ዕድሉ ይጠባል። አሜሪካኖች በተራራማ ግዛቶቻቸው 85 ኦክቴን የሚሸጡት በዚሁ ምክንያት ነው። እዚህ የሚያንኳኳ መኪና ጅቡቲ ቢወርድ ይብስበታልና፣ እኔ ከቤንዚኑ በፊት ሞተሩን እጠረጥራለሁ፦ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ቀድሞ ይሆናል፣ ራዲያተሩ በሚገባ አያቀዘቅዝም ይሆናል፣ ፒስተኑ ራስ ላይ ጥላሸት ተጋግሮ ይሆናል፣ ወይም ካንዴላው የዚያ ሞተር ዓይነት አይደለም።

ቤንዚኑን የገዙት ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ በእርግጥ ይወርዳል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ያድርጉበት፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ሲጠፋ፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል።

የዘጌ ጀልባ፦
እኔ ያንን ፈሳሽ ለጀልባዬ ሞተር ለሁለት ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ካንዴላውን ስፈታው ነጩ ሸክላ የጡብ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ቀልቶ አገኘሁት። መካኒኩ እንደነገረኝ ፈሳሹ ውስጥ ማንጋኒዝ ስላለ ነው። ጉልበቱ ላይ ግን ያየሁት ለውጥ የለም።

ደጀን ወጪ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ይሁንና ፈጽሞ አይጠቅምም መባሉ አልተዋጠልኝም። እኔ የምነዳው ቱርቦ ያለው ሲሆን መመሪያ መጽሐፉ 95 ይጠይቃል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለውን አቀበት በሙቀት ስወጣ ኖክ ሴንሰሩ (ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው መሣሪያ) ታይሚንጉን እያዘገየ ጉልበቱን ይቀንስብኛል። ለእንዲህ ያለ መኪና፣ የሚፈለገው ቤንዚን ከማደያው ሲጠፋ፣ ጥሩ ፈሳሽ ትርጉም አለው። የእርስዎ ኮሮላ ግን እንዲህ ዓይነት ሴንሰር የሚኖረው አይመስለኝም፤ ስለዚህ ታይሚንጉን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ሙከራ ሠራሁ፤ ቤንዚኑ ምልክት ሳይተው ተነነ። ኮፈኑን አስከፍቼ ሳስመረምር፣ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውና ታይሚንጉ የሚስተካከልበት ክፍል) ቀደም ሲል «ጉልበት ይጨምራል» በሚል ከቦታው ዞሮ ኖሯል፤ አሮጌው የቀለም ምልክት የጣት ውፍረት ያህል ርቆ ይታይ ነበር። ወደ ቦታው ተመልሶ ትናንት ቤዛዊትን በአራት ሰው ወጣሁ፤ ድምፁ የለም። ሻጩ ያልተከፈተውን ጠርሙስ ተቀብሎኛል፤ ገንዘቡን ግን አልመልስም ስላለ በፍሬን ዘይት ለውጦልኛል።